የየሺመቤት ጥናት ችሎት የቆመበት ዘመን

ባለፈው ሰሞን ካዛንቺስ ጠፋችብኝ። ስንት ጫማ በጨረስኩባት ሰፈር መንገድ ይጠፋብሃል ያለኝ ሰው ቢኖር ኖሮ እስቅበት ነበር። የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ነበረኝና ከታክሲ ወርጄ እንደ ልማዴ ወደ ግራ ታጠፍኩ። ድሮ እዚያ መታጠፊያ ላይ ጣሪያው የጠቆረ የጣሊያን ቤት ነበረ፤ አጥሩ ላይ የተንጠለጠለው ጽጌረዳ የመንገደኛውን ኮሌታ እየያዘ ያስቆም ነበር። ከእሱ ቀጥሎ ሥጋ ቤት፣ ከሥጋ ቤቱ ቀጥሎ ልብስ ሰፊ፣ ከልብስ ሰፊው ቀጥሎ ድምፅ ማጉያውን በር ላይ ያቆመ ካሴት ቤት። አሁን ሰፊ አስፋልት ነው። የብስክሌት መንገድ አለው፣ ሣር አለው፣ ሲመሽ ቀለሙን የሚቀያይር መብራትም አለው አሉ። ያምራል፤ አያምርም ብል እግዜር ይታዘበኛል። ግን እግሬ የሚያውቀውን ዓይኔ አጣውና ከዘራዬን ተደግፌ ቆሜ ቀረሁ።

"ይቅርታ፣ ጋሽ ታደሰ ነዎት? ጠበቃው?" አለችኝ አንዲት ወጣት ከኋላዬ።

"ነበርኩ" አልኳት። "አሁን ጡረተኛ ነኝ።"

"ፎቶዎን እትዬ የሺመቤት ቤት አይቼው ነው። ያ ቡናማ ሱፍ የለበሱት።"

ስሟ ሜሮን ነው። የሕግ መምህርት ናት። ለዶክትሬቷ የምትሠራው፣ የእኛ አገር ሰዎች በዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብት ሕግ ላይ የጻፏቸው ጥናቶች በፍርድ ቤቶችና በሌሎች ምሁራን ላይ ምን ተጽእኖ እንዳሳደሩ ነው። ስልኬን ስትፈልግ ሰንብታ ጭራሽ መንገድ ላይ አገኘችኝ። "ማለቴ፣ ሳይቴሽን ነው የምንቆጥረው" አለችኝ፤ "ማን ማንን ጠቀሰ፣ ከየት ተነስቶ የት ደረሰ፣ እሱን ነው የምከተለው። የእትዬ የሺመቤት ሪሰርች ደግሞ በቃ፣ የማይገባበት የለም። ሁሉም ክር ሲሳብ እዚያ ይደርሳል። ግን መጀመሪያ ችሎት የቀረበ ቀን ምን እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው አጣሁ። እሳቸውን ስጠይቃቸው፣ 'እኔ እያለቀስኩ ስለነበር ምንም አላየሁም፤ ታደሰን ጠይቂው' አሉኝ።"

የሐኪሙን ነገር ለሌላ ቀን አልኩት። አንድ ባለ መስተዋት ካፌ ይዛኝ ገባች። ማኪያቶው ሲመጣ ዋጋውን ማየቴ አልቀረም፤ ያን ጊዜ በዚህ ብር አንድ ሙሉ ጠረጴዛ ሰው ተጋብዞ፣ ለአስተናጋጁ ተርፎ፣ የታክሲም ይሆን ነበር። ሜሮን የስልኳን መቅጃ ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። እኔም ከየት እንደምጀምር አላጣሁም።

ያኔ እዚሁ ካዛንቺስ ውስጥ የምንውልባት አንዲት ኬክ ቤት ነበረች። ማኪያቶ በብርጭቆ ነበር የሚቀርበው፤ ከሥሩ ነጭ፣ ከመሃሉ ቡናማ፣ ከላዩ አረፋ። ቅዳሜ ከሰዓት የሺመቤት በአረንጓዴ ኮቷ ትመጣለች። በዚያ ዘመን የሴት ኮት ትከሻ ስፖንጅ ይገባበት ስለነበር፣ ቀጭኗ የሺ በር ላይ ስትታይ ወታደር የመጣ ይመስል ነበር። ሁለታችንም የቂርቆስ ልጆች ነን፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ አጥር ለአጥር ተዋስነን ያደግን። ሕግ ትምህርት ቤትም አብረን ገባን። እኔ ጥብቅና ጀመርኩ፣ እሷ ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ሆና ቀረች። ከቂርቆስ ስንመጣ በውይይት ታክሲ ነበር። ወጣቶች ውይይትን አታውቁትም፤ ተሳፋሪው ከኋላ ፊት ለፊት ተያይቶ፣ ጉልበት ለጉልበት ተነካክቶ የሚቀመጥባት መኪና ናት። የሺ በዚያች መኪና ውስጥ ከማታውቀው ሰው ጋር ስለ ሕግ ተከራክራ መውረጃዋን ያለፈችበት ቀን ብዙ ነው።

የጥናቷ መነሻ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ተማሪዎቿን ችሎት ልታሳይ ወስዳ ሳለ፣ በአጥር ጠብ የተከሰሱ አንድ መስማት የተሳናቸው ሰው ቆመዋል። ያን ጊዜ መስማት የተሳነው የሚል ቃል ማንም አልነበረውም፤ ዲዳ ይባል ነበር፣ እሱም ሲከበር ነው። ክሱ ይነበባል፣ ሰውየው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ምስክር ይናገራል፣ ይነቀንቃሉ። ፍርድ ይነበባል፣ አሁንም ይነቀንቃሉ። በዚያው ቅዳሜ ኬክ ቤቷ ውስጥ ማኪያቶው ሳትቀምሰው ቀዘቀዘባት።

"ታዴ" አለችኝ፣ "ሰውየው በራሳቸው ላይ የተነበበውን ሁሉ እሺ እሺ እያሉ ወጡ። ደግሞ እኮ የዋሸ ሰው የለም። ዳኛውም ጥሩ ሰው ናቸው፣ ዐቃቤ ሕጉም ጥሩ ሰው ነው። ጥሩ ሰዎች ተሰብስበው ተከሳሹ የሌለበት ችሎት አካሄዱ።"

"ሰውየው ቆመው አልነበር እንዴ?"

"ቆመዋል። ግን አልነበሩም።"

ከዚያ በኋላ የሺን ለረጅም ጊዜ ሌላ ወሬ ማስወራት አልተቻለም። መስማት የተሳናቸው ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት ሄዳ፣ ከትንንሾቹ ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ የምልክት ቋንቋ ተማረች። ያስተማሯት መምህር ኃይሉ የሚባሉ፣ ጺማቸውን ሁልጊዜ የሚላጩ ሰው ነበሩ፤ ጺም ከንፈርን ይሸፍናል፣ ልጆቹ ደግሞ ከንፈር ያነባሉ ይሉ ነበር። ችሎት ለችሎት ዞረች። መብራት በየደቂቃው በሚሄድበት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የሌላ አገር ፍርዶችን እየፈለገች አነበበች። የጻፈችውን ሁሉ መጀመሪያ የማነበው እኔ ነበርኩ። ነገሩ ሲጠቃለል ቀላል ነው። ሕገ መንግሥቱ፣ ችሎቱ የሚካሄድበትን ቋንቋ ለማይረዳ ተከሳሽ አስተርጓሚ ይቆምለት ይላል። ሁሉም ሰው ግን ይህን የሚያስበው አማርኛ ለማይችል የሌላ ቋንቋ ተናጋሪ ነው። አገራችን የተቀበለችው ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን ደግሞ የፍርድ ቤቱን ቋንቋ የማይረዳ ወይም የማይናገር ይላል፤ ያ ቃል ኪዳንም የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። እንግዲያው የሺ ያለችው፣ የምልክት ቋንቋ ቋንቋ ነው፤ መስማት የተሳነው ሰው ያለ አስተርጓሚ ከተፈረደበት አልተሰማም፤ እጁን የሚያወናጭፍ ዘመድ ደግሞ አስተርጓሚ አይደለም።

ይህን በመምህራን ጉባኤ ፊት ስታቀርብ ሄጄ ነበር። አንድ አንጋፋ መምህር፣ ሁላችንንም ያስተማሩ፣ መነጽራቸውን አውልቀው ፈገግ አሉ። "የሺመቤት፣ ልጄ፣ ዓለም አቀፍ ሕግ እኮ ለዓለም አቀፍ ሰው ነው። ይሄ የቂርቆስ ጉዳይ ነው" አሏት። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ።

የሺ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች። "የቂርቆስ ሰው ከዓለም ውጭ ነው እንዴ፣ የኔታ?" አለች።

እንደገና ተሳቀ፤ ግን መልስ ሆኖ አልተቆጠረላትም። ጽሑፉ አንዲት ቀጭን መጽሔት ላይ ወጣ። የመጽሔቱ ቅጂዎች በሲባጎ ታስረው ዕቃ ቤት ገቡ። የደረጃ ዕድገቷ ሲታይ፣ "ጎበዝ ናት፤ ቁም ነገር ላይ ብትሠራ፣ የንግድ ሕግ ላይ ብትሠራ" ተባለ። የሺ ማዘኗ የሚታወቀው በአረንጓዴው ኮት አቆላለፏ ነው፤ ስታዝን ቁልፉን እስከ አንገቷ ትቆልፈዋለች። ያን ዓመት ሙሉ እንደተቆለፈ ከረመ።

ሁለት ወይ ሦስት ክረምት አልፎ ይሆናል፣ ብርቅነሽ የታሰረችው። ብርቅነሽ እናቴ ግቢ ተከራይተው ከሚኖሩት ባልና ሚስት የሚስትየዋ እህት ናት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ አትሰማም። ካዛንቺስ ካሉት ልብስ ሰፊዎች በአንዱ ዘንድ ጥልፍ ትጠልፍ ነበር፤ የሠርግ ካባ ላይ የእሷ እጅ ያረፈበት ወርቃማ ሐረግ ከሩቅ ይለያል። አባቷን የማታውቅ ጡት ያልጣለች ሴት ልጅ ነበረቻት። የተከሰሰችው ለአንዲት ሙሽራ የተሠራ ካባ ሰርቀሻል ተብላ ነው። ባለሱቁ ካባውን ለደንበኛዋ ቤት እንድታደርስ ሰጥቷት ነበር፤ የሙሽራዋ ቤተሰብ ደግሞ ካባ የሚባል ነገር አልደረሰንም አሉ። ሙሽራዋም በውሰት ካባ ተዳረች።

እኔ ያን ሰሞን ለሥራ ክፍለ ሀገር ነበርኩ። ብርቅነሽ ችሎት ስትቀርብ ዳኛው፣ "የእሷን ነገር የሚያውቅ ሰው አለ?" ብለው ጠየቁ አሉ። የእህቷ ባል ደምሴ እጁን አወጣ። ደምሴ ክፉ ሰው አይደለም። ቤት ውስጥ ብይ፣ ተኚ፣ ልጅሽ አለቀሰች ለማለት የሚበቃ ምልክት ያውቃል። ካባውን ምን አደረግሽው ሲባል እጁን እንዲህ እንዲያ አድርጎ ጠየቃት። ብርቅነሽም መለሰች። ደምሴ ወደ ዳኛው ዞሮ፣ "ወስጃለሁ ትላለች" አለ።

አማርኛችን እንዲህ ነው። ካባውን ሰው ቤት ያደረሰም ወስጃለሁ ይላል፣ የሰረቀም ወስጃለሁ ይላል። ችሎቱ የሰማው ሁለተኛውን ነው። አመነች ተብሎ ተመዘገበ፣ ተፈረደባት፣ ወህኒ ወረደች። ሕፃኗ እህቷ ዘንድ ቀረች። ከክፍለ ሀገር ስመለስ ደምሴ በራችን ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። "ጋሼ፣ እኔ ያለችውን ነው ያልኩት" ይላል ደጋግሞ፤ "ያለችውን ነው ያልኩት እኮ።"

ከበር ሳልገባ ወደ የሺ ቤት ሄድኩ። ሰምታኝ ስትጨርስ መጽሔቷን ከመደርደሪያ ላይ አውርዳ ሰጠችኝ። በማግስቱ መምህር ኃይሉን ይዘን ወህኒ ቤት ሄድን። ብርቅነሽ መጀመሪያ ጥግ ይዛ ተቀምጣ ማንንም አላየችም። መምህሩ ፊት ለፊቷ ቁጢጥ ብለው እጃቸውን ማንቀሳቀስ ሲጀምሩ ቀና አለች። በልጅነቷ እሳቸው ዘንድ ጥቂት ዓመት ተምራ ኖሯል። ከዚያ በኋላ እንደ ውኃ ነው የፈሰሰችው። እጆቿ አይያዙም። መምህሩ "ቀስ፣ ቀስ" እያሉ ይለምኗታል።

ካባውን አድርሳለች። በሩን የከፈቱላት ጥቁር የለበሱ አሮጊት ናቸው። እጃቸውን ስማ፣ በሁለት እጇ አቀበለቻቸው። እሳቸውም መረቋት፤ ከንፈራቸው ሲመርቅ አይታለች። የሺና እኔ ያን ዕለት ሙሽራዋ ቤት ሄደን አንኳኳን። "የተፈረደበት ነገር ነው፣ ምን ቀረ?" ብለው በሩን ዘጉብን። አሮጊቷ የሙሽራዋ አባት አክስት እንደሆኑና አገራቸው እንደገቡ ግን ዘበኛው ሹክ አለን። እንግዲህ አሮጊቷን የሚያስመጣ ፍርድ ቤት ብቻ ነው፤ ፍርድ ቤቱ ደግሞ አሮጊት መኖራቸውን የሚያውቀው ብርቅነሽን ሲሰማ ነው።

ይግባኝ አልኩ። የችሎቱ ቀን ቡናማ ሱፌን ለበስኩ፣ ያኔ ፋሽን የነበረውን የአካፋ ጫፍ የሚያህል ክራቫት አሰርኩ። ሦስት ዳኞች ተሰየሙ። መሃል የተቀመጡት ሰብሳቢ ሸበቶ፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ዐቃቤ ሕጉ ተነሥቶ፣ ተከሳሿ አስተርጓሚ ነበራት፣ እሱም ዘመዷ ነው አለ። የተጠቀሰው ቃል ኪዳንም በነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛ ታትሞ ስላልወጣ ችሎቱ የሚሠራበት ሕግ አይደለም ብሎ ተቀመጠ። እኔ ተነሣሁና ከየሺ ጽሑፍ አነበብኩ። የዘመድ ምልክት የቤት ቋንቋ እንጂ የችሎት ቋንቋ እንደማይሆን ያስረዳችበትን አነበብኩ። ሕገ መንግሥቱ ያጸደቅነውን ስምምነት ሁሉ የሕጋችን አካል ነው ካለ፣ የማተሚያ ቤት መዘግየት የሰውን መብት ሊያዘገይ አይችልም ያለችበትን ስደርስ፣ ሰብሳቢ ዳኛው እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

"ይህን የጻፈው የውጭ ሰው ነው?"

"የለም፣ ክቡር ዳኛ። የቂርቆስ ልጅ ናት። ከኋላዬ ተቀምጣለች።"

ሰው ሁሉ ዞረ። የሺ የኮቷን ቁልፍ እስከ አንገቷ ቆልፋ፣ የተማሪ ቤት ልጅ መስላ ትቁለጨለጫለች። ሰብሳቢው ለአፍታ አዩዋትና መጽሔቱን ይዤላቸው እንድቀርብ በእጃቸው ጠሩኝ። ተቀብለው ቀጠሮ ሰጡ።

በቀጠሮው ቀን መጽሔቷ ጠረጴዛቸው ላይ ነበረች። ጠርዟ ተጎሳቁሏል፣ በየገጿ ወረቀት ተሰክቶባታል። ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "የምሁር ጽሑፍ ዳኛን አያስገድድም" አሉ። "ያነበበ ዳኛ ግን እንዳላነበበ መሆን አይችልም።" ቀጥለውም ትእዛዙን አነበቡ። የመንግሥት ወጪ ይሁን፣ ብቁ አስተርጓሚ ይቁም፣ ይህ ችሎት ይግባኝ ባይዋን ራሱ ይሰማል። የሺ ከኋላዬ ስቅስቅ ስትል ሰማኋት። ከዚያ ጀምሮ ያለውን አላየሁም ያለችው እውነቷን ነው።

እኔ ግን አይቻለሁ። መምህር ኃይሉ ምለው ከዳኞቹ መድረክ ሥር፣ ብርቅነሽ ደህና አድርጋ ልታያቸው በምትችልበት ቦታ ቆሙ። ስሟን ተጠየቀች፤ በጣቶቿ ፊደል ለፊደል ተናገረች፣ መምህሩም "ብርቅነሽ" አሉ። ጸሐፊዋ መጻፏን ትታ ታያለች። ካባውን እንዴት እንደያዘችው፣ ጥልፉ እንዳይታጠፍ በሁለት ክንዷ እንደ ሕፃን እንዳቀፈችው፣ በየት በኩል እንደሄደች፣ በሩ እንዴት እንደተከፈተ፣ የአሮጊቷ ጥቁር ነጠላ እንዴት ከራሳቸው ላይ እንደተንሸራተተ ተናገረች። ያ ሁሉ ሰው ባለበት ክፍል ውስጥ የሚሰማው የመምህር ኃይሉ ድምፅና የብርቅነሽ እጆች አየሩን ሲመቱ ብቻ ነው። ስትጨርስ ሰብሳቢው ወደ መምህሩ ሳይሆን ወደ እሷ ቀጥታ አይተው፣ "የምትጨምሪው አለ?" አሉ። አዎ አለች። ደምሴ ከሌባ ጎን እንደቆመ ሰው አይፈር፤ እኔም ብሆን ከዚያ የተሻለ አልሰማም ነበር አለች። ደምሴ ነጠላውን ፊቱ ላይ ጣለ።

አሮጊቷ በችሎት ትእዛዝ ከሸዋ ገጠር መጡ። ከዘራቸውን እየተመረኮዙ ገብተው፣ ማንም ምንም ሳይጠይቃቸው ብርቅነሽን አይተው ቆሙ። "ልጄ!" አሉ። "ይቺ እኮ ናት ያመጣችው። እጄን ስማ ነው የሰጠችኝ። ምን አድርጋ ነው እዚህ የቆመችው?" ካባውን እንዳያቆሽሹት ብለው እዚያው ሙሽራዋ ቤት ካለው ሣጥናቸው ከተቱት፤ የሣጥኑን ቁልፍ እንደ ልማዳቸው መቀነታቸው ላይ ቋጠሩት፤ በዚያው ቀን የወንድማቸው መርዶ መጣና ሌላውን ሁሉ ረስተው እያለቀሱ አገራቸው ገቡ። ሣጥኑ ሲከፈት ካባው እንደታጠፈ ተገኘ። ብርቅነሽ ነፃ ተባለች። ከፍርድ ቤቱ ደረጃ ሥር ልጇን ከእህቷ ክንድ ላይ ስትቀበል ያወጣችው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። እናቴ በዚያ ዓመት የቂርቆስን ንግሥ ስእለቴ ደረሰ ብላ እስክትደክም በእልልታ አሳለፈችው።

ሜሮን እዚህ ላይ ዓይኗን ጠረገች። ወዲያው ግን ምሁር ናትና፣ "ከዚያስ እንዴት ተሰራጨ?" አለችኝ። እንዴት እንደተሰራጨ አይቻለሁ፤ ክር እየቆጠርኩ አልነበረም እንጂ። መጀመሪያ ሌላ ችሎት ላይ ያለ ዳኛ ያን ውሳኔ ጠቀሰ፤ ውሳኔውን የጠቀሰም ጽሑፉን መፈለጉ አልቀረም። ዕቃ ቤት የታሰሩት መጽሔቶች ሲባጎ ተፈታ። የዳኞች ሥልጠና ላይ ገባ። ከጎረቤት አገር አንድ ጠበቃ ደውሎ የእንግሊዝኛ ትርጉም አለ ወይ አለ፤ የሺ ቁጭ ብላ ተረጎመችው። እዚሁ ካዛንቺስ፣ የአህጉሩ ሰው በሚሰበሰብበት ትልቁ አዳራሽ ውስጥ ከሩቅ አገር የመጣች ምሁር የሺን በስም ጠርታ ከጽሑፏ ስታነብ፣ እኔ በረንዳው ላይ ቆሜ በድምፅ ማጉያ ሰምቻለሁ። ያስተማሩን አንጋፋ መምህርም ጡረታ ሊወጡ ሲሉ ቢሮዋ ድረስ መጥተው በሯን አንኳኩ። "የሺመቤት" አሏት፣ "ዘንድሮ የቂርቆስን ሕግ እያስተማርኩ ነው።" የሺ ከወንበሯ ተነሥታ አስቀመጠቻቸው።

ሜሮን ጥናቷን ለውይይት ያቀረበችው ትናንት ነው፣ አዲሱ ካዛንቺስ ውስጥ ባለ አንድ ሆቴል። ሦስታችንም ተጋበዝን። የሺ ፕሮፌሰር ሆና ጡረታ ከወጣች ቆይታለች፤ ጉልበቷ ቢያስቸግራትም ምላሷ እንዳለ ነው። ብርቅነሽ ጸጉሯ ሸብቷል፣ የራሷ የጥልፍ ቤት አላት፣ ያቺ ሕፃን ነርስ ሆናለች። ሜሮን ግድግዳው ላይ ትልቅ ሥዕል አበራች። መሃሉ ላይ አንዲት ነጥብ፣ ከነጥቧ የሚወጡ መስመሮች፣ ከመስመሮቹ ሌሎች መስመሮች፣ ናይሮቢ፣ ካምፓላ፣ ጄኔቭ።

"ያ የሸረሪት ድር ምንድን ነው?" አለችኝ የሺ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ።

"አንቺ ነሽ።"

"አቤት!" አለችና መነጽሯን ጠርጋ እንደገና አየች።

የጥያቄ ጊዜ ሲደርስ አንድ ወጣት ተነሣ፤ ጨዋ ልጅ ነው። "በአክብሮት ነው፣ ማለቴ፣ ሰው ስለጠቀሰው ብቻ ጥናቱ ነው ለውጥ ያመጣው ማለት እንችላለን ወይ? ያለ ጥናቱም ዘመኑ ሊቀይረው ይችል ነበር እኮ" አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሜሮን መልስ ልትሰጥ ማይኩን ስታነሣ፣ ብርቅነሽ ከመቀመጫዋ ተነሣች። የመድረኩ አስተርጓሚ፣ ከመምህር ኃይሉ ተማሪዎች የተማረች ልጅ ናት፣ ፈጥና ወደ ፊት መጣች።

"እኔ ጽሑፉን አላነበብኩትም" አለች ብርቅነሽ በእጆቿ፣ አስተርጓሚዋም በድምፅ። "የመጀመሪያው ዳኛ እኔን ሲጠይቀኝ የሚያየው ደምሴን ነበር። ሁለተኛው ዳኛ ሲጠይቀኝ እኔን አየኝ። በሁለቱ መካከል የሆነ ነገር ቢኖር፣ ሁለተኛው የእሷን ጽሑፍ ማንበቡ ነው። ዘመኑን ብጠብቅ ኖሮ ልጄ ያለ እኔ ታድግ ነበር።"

ወጣቱ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። አዳራሹ ብድግ አለ። ብርቅነሽ መተላለፊያውን አቋርጣ መጥታ የሺን በክንዷ ይዛ ወደ መድረኩ ሳበቻት። የሺ በሕይወቷ መድረክ አትወድም፤ ጉልበቴን፣ ተዪኝ፣ እያለች ነው የወጣችው። እዚያ ላይ ቆማ ያን ሁሉ ወጣት ሕግ ተማሪና ዳኛ ስታይ ለንግግር ማይኩን ተቀበለች። ፕሮፌሰር የሺመቤት እልል አለች። እንደ ቂርቆስ እናቶች፣ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ፣ በማይክሮፎን፣ እልልልል። ሴቶቹ ከየወንበራቸው ተቀበሏት፣ አስተናጋጆቹ ትሪያቸውን እንደያዙ ከበሩ ላይ ተቀበሏት። ብርቅነሽ የምንጮህበትን ምክንያት ለማወቅ ዞር ዞር ብላ ሁላችንንም አየች። ከዚያ መዳፏን የሺ ጉሮሮ ላይ አሳረፈች፤ እልልታው ከእጇ ሥር ሲንቀጠቀጥ ተሰማትና ጥርሷን እያሳየች ሳቀች።